የኬሚስትሪው ደብተር

«ጓዶች፣ ሀሊሜ ግለኛ ናት» አለች ታንጉት።

በቆቦው ማሰልጠኛ የአንደኛ ዓመት ሴቶች ስምንቱም በየአልጋቸው ተቀምጠው የቅዳሜውን ሂስና ግለ ሂስ ይዘዋል። ጥፋተኛ የመጠቆሙ ተራ የታንጉት ነበር፤ ግለኛ የተባለችም ከማሰልጠኛው ተባርራ ጓዟን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሀሊሜ ግን ጓደኛዋ የቀለደች መስሏት ሳቀች።

«እኛ ለኪነት ልምምድ ከበሮ ስንመታ፣ እሷ ግራሩ ስር ተደብቃ ኬሚስትሪ ትጽፋለች። ይኸው!» ታንጉት አንድ ደብተር ከፍ አድርጋ አሳየች።

«እውነት ነው፣ ጓድ ሀሊሜ?» አለች ሰብሳቢዋ።

መጻፉስ እውነት ነበር። ታንጉት የጭፈራው መሪ ስለሆነች ማጥኛ ጊዜ አጥታ፣ «በሞቴ ሀሊምዬ፣ አንቺ ጻፊልኝ፤ ከልምምዱ ስትቀሪ እኔ አመካኝልሻለሁ» ብላ ስለለመነቻት፣ ሀሊሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጽፋላታለች። ደብተሩ የታንጉት ነው። ሽፋኑ ላይ ስሟ አለ፤ አሁን ግን አውራ ጣቷ ስሙን ሸፍኖታል።

«ጣትሽን አንሺ» አለች ሀሊሜ።

ታንጉት ጣቷን ይበልጥ ጫነችና ወደ ሰብሳቢዋ ዞረች። «አያችሁ? ሂስ እንኳ አትቀበልም።»