ለቅሶው ያበቃ ዕለት

እናት ሽንኩርቱን በሰሊጥ ዘይት አቁላልታ የተፈጨ ደረቅ ባሚያ በተነችበት። ሰሊጥ አራሚዎቹን የሚወስደው ትራክተር መንገዱ ላይ ቆሞ ክላክሱን ይነፋል። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ምድጃዋን ስታነድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እስከ ትናንት ድረስ ሱዳን ገዳሪፍ ያሉት ጎረቤቶቿ ሥጋና ሩዝ በትሪ እየተሸከሙ መጥተው ያበሏቸው ነበር። ልጆቹ እንዲወዱት ወጡ ላይ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ከገበያ የገዛችውን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ ክስራውን፣ አጣጥፋ ከጎኑ አስቀመጠች። ማታ ከአረሙ እስክትመለስ የሚያቆያቸው ይኸው ብቻ ነው።

ትልቋ ልጅ ከክስራው ቆረሰች። ትንሹ ግን ሳህኑን ገፋ አደረገና ትሪዋን ልትወስድ የመጣችውን ጎረቤት ቀና ብሎ አያት።

«ኻልቶ ሉብና፣ ዛሬ ሥጋ አላመጣሽም?»

«ለቅሶው አለቀ እኮ፣ ሐቢቢ። እናትህ የሠራችውን ብላ፤ ደግሞ ሽታው ከእኔ ወጥ ይበልጣል።»

«ሌላ ሰው መቼ ነው የሚሞትልን?»

ሉብና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እናት ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ጎንበስ ብላም ሳህኑን ወደ ልጁ መለሰችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ብላ፣ ልጄ። የቀረሁልህ እኔ ብቻ ነኝ።»

ልጁ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ቶሎ ቶሎ መጉረስ ጀመረ።