ጭልፊቱ አልከፈት ሲል

«በቂ ሜሞሪ የለም» ይላል ስክሪኑ አሁንም።

ወጣቱ ጆሮ ግንዱን ያካል። አክስቱ ክሩን በመርፌው አሹልካ፣ ቀዩን ማልያ በጥልፍ መኪናዋ ላይ ወጥራ ትጠብቀዋለች። የልጃገረዶቹ ቡድን አሰልጣኝ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷንና ላፕቶፑን በየተራ ታያለች። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓርማ የሌለው ማልያ የለበሰ ቡድን ደግሞ ሜዳ አይገባም።

ዓርማው ጭልፊት ነው። አክስቱ በገዛ እጇ የሳለችው በድሮው ኮምፒውተሯ፣ በድሮው ፕሮግራም ነበር፤ ሌላ ፕሮግራም አያነበውም። ኮምፒውተሩ ሰሞኑን ላይመለስ ሲያርፍ፣ ወጣቱ ፕሮግራሙን ከነሥዕሉ አተረፈና በላፕቶፑ ውስጥ የድሮውን የሚያስመስል፣ በሶፍትዌር ብቻ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ሠራለት።

«የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር አስረግዞልሻል» ትላለች አክስቱ ለአሰልጣኟ። «እርግዝናውስ ደህና ነበር፤ ምጡ ነው የጠናብን።»

«ሳቂ፣ እትዬ፣ ሳቂ። ሜሞሪ አንሶት ነው፤ እጨምርለታለሁ።»

ይጨምርለታል። «በቂ ሜሞሪ የለም።» እጥፍ ያደርግለታል። «በቂ ሜሞሪ የለም።» ላፕቶፑ ካለው ግማሹን ቆርሶ ይሰጠዋል፤ ያው ነው።

«ምን ዓይነት ሆዳም ነው፣ በእናትህ?» ትላለች አሰልጣኟ።

ወጣቱ እጁን ከኪቦርዱ ያነሳል። አንድ ነገር ከንክኖታል። ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚወስድ እየተከታተለ ፕሮግራሙን እንደገና ይከፍተዋል። ለካ ከተሰጠው ላይ ቅንጣት ሳይነካ ነው «የለም» የሚለው። ሆዳም ቢሆንማ መጀመሪያ ይበላ ነበር።

«አላነሰውም» ይላል ቀስ ብሎ። «በዝቶበት ነው። ይኼ ፕሮግራም ሲሠራ ይህን ያህል ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ማንም ቤት አልነበረም። እስከዚህ ድረስ መቁጠር አያውቅም፤ ቁጥሩ ሲያልፍበት ባዶ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ቀንስለታ!» አክስቱ ጭኗን ትመታለች። «በደግነት ልትገድለው ነው እንዴ?»

ይቀንስለታል፤ የድሮው ኮምፒውተር የነበረውን ያህል ጥቂት እስኪሆን ድረስ። ስክሪኑ ይጠቁራል። ከዚያ ጭልፊቱ ከክንፉ ጀምሮ፣ መስመር በመስመር፣ ይወጣል።

«ኧረ ዓይኑ!» ትጮኻለች አሰልጣኟ። «ዓይኑን እዩልኝ!»

ወጣቱ ሥዕሉን በገመድ ይልክላታል፤ አክስቱ የጥልፍ መኪናዋን ታስነሳለች። መርፌው ይንጣጣል፤ በቀዩ ደረት ላይ ቢጫ ምንቃር ብቅ ይላል። አሰልጣኟ ቀጣዩን ማልያ በሁለት እጇ ዘርግታ ከኋላዋ ተሰልፋለች፤ ብቻዋን።