ግራ ጎኑ

አናጺው ሆዱን ገልጦ በጀርባው ተኝቷል። በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ግራጫ ደመና ቀስ እያለ ይንሳፈፍ ነበርና፣ የገዛ ሆዱ መሆኑን ረስቶ ሰማይ ላይ የተጋደመ መሰለው። ሐኪሟ መሣሪያውን ከግራ ጎድኑ ሥር አቆመች። አልጋው አጠገብ ወደቆመው ታላቅ ወንድሙ ጠጋ ብላም «ከቆዳው የተነሳው ካንሰር በደም ተጉዞ ጣፊያው ላይ ደርሷል» አለችው በሹክሹክታ። አናጺው ግን ሰው ሁሉ እንደ ዕቃ እያለፈው ሲያወራ ስለኖረ ጆሮው ነቅቷል፤ ሰማ።

ሐኪሟ ስትወጣ «ምን አለች፣ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ።

«ንጹህ ነው አለች። ሆድህ ከእኔ ሆድ ይሻላል።»

በሰርጉ ቀን አናጺ ወንድም እንዳለው እንዳይታወቅበት ጓሮ ያስቀመጠው ይኸው ሰው፣ ሶፍት አንስቶ ለምርመራው የተቀባውን ቀዝቃዛ ቅባት ከሆዱ ላይ ይጠርግለት ጀመር። ቅባቱ አለቀ። እጁ ግን ያቺኑ ግራ ጎን ለቆ መሄድ አቅቶት ደረቁን ቆዳ እየተመላለሰ ይዳብስ ነበር። አናጺው የዘመናት ቂሙ ተቀሰቀሰበት፤ «ሰምቻለሁ» ቢል ወንድሙን ለማሳፈር ይበቃው ነበር። ዓይኑን ጨፈነ።

«እሰይ» አለ። «እዚያችው ጋ ገና አልደረቀም፣ ጋሼ። ትንሽ ጥረግልኝ።»