የቄሳር ጠጉር

ሊቀመንበራችን ቱሬ የምርመራ ውጤቱን ፖስታ ለመቀበል እጁን ይዘረጋል። ቲልዳ አትሰጠውም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች የዘረመል ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፣ ጫማዋ ግን ከእኛ ከአርቢዎቹ ጫማ የባሰ ጭቃ ይዟል። "የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የማነበውም እኔ ነኝ" ትላለች።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝና "ሪፖርቱ ቀረበ" ብዬ እጽፋለሁ።

የጥንታዊ አሳማ አርቢዎች ማኅበር አባላት አሥራ አራት ነን። ዛሬ ሁላችንም ጉንቮር ግቢ፣ ከፖም ዛፎቹ ሥር ቆመናል። እዚህ ስኮኔ፣ ደቡብ ስዊድን፣ ይህን ያህል ሰው አንድ ግቢ የሚሰበሰበው ወይ ለቀብር ወይ ለሐራጅ ነው። ቱሬ ሙሉ ልብስና ባርኔጣ አድርጎ መጥቷል። ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በሚያዝያ የጉንቮር አሳማ ዳግኒ ስምንት ግልገሎች ወለደች። ስምንቱም ልክ እንደ ዱር አሳማ ልጆች ጀርባቸው ላይ ቢጫ መስመር አላቸው። ቱሬ ባየ በሳምንቱ ስብሰባ ጠራ፤ የጫካ ወንድ አሳማ አጥር ጥሶ ገብቶባታል አለ። ደንባችን አጭር ነው፤ ድቅል ከዘር መዝገብ ይሰረዛል፣ እናትም ልጅም ይታረዳል። የቄራው መኪና ለዓርብ ተይዟል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ዳግኒ፣ ጉንቮር ከአባቷ ከወረሰችው ዘር የመጨረሻዋ እናት ናት። ጉንቮር የግልገሎቹ አባት ነው የምትለው ሽማግሌ ወንድ አሳማ በጥር ሞቷል። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላት ጉንቮር ከሚያዝያ ጀምሮ "አጥሬ አልተጣሰም" ትላለች። ሌላ የጨመረችው ቃል የለም።

ለምርመራ የሚላከው ከነሥሩ የተነቀለ ጠጉር ነው። የዳግኒንና የግልገሎቹን በነቀልንበት ቀን ቱሬ ማንም ሳይጠይቀው ሁለተኛ ፖስታ ይዞ መጣ፤ የራሱ ወንድ አሳማ የቄሳር ጠጉር ነበረበት። "ንጹሑን ሳያውቁ ድቅሉን በምን ሊለዩ ነው?" አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቄሳር አምስት ጊዜ ተሸልሟል፣ ከአሳማዎቻችን ግማሾቹ ልጆቹ ናቸው። በእኛ ዘንድ ወንድ አሳማ መዋስ የፈለገ ሰው የረገፈ ፖም በገዛ እጁ ለቅሞ፣ ባልዲ ሙሉ ተሸክሞ ደጅ ይጠናል። ስንት ዓመት ሙሉ ባልዲው የሚሄደው ወደ ቱሬ ደጅ ነው። ቱሬ ግን ባልዲ ይዞ ሲሄድ ያየው የለም።

ቲልዳ ወረቀቱን ትገልጣለች። "ግልገሎቹ የዱር አሳማ ልጆች አይደሉም።"

ዳግኒ ከአጥሩ ጀርባ አፈር ትምሳለች።

"መስመሩስ?" ይላል ቱሬ። "ቢጃማ ነው?"

"ጥንታዊ ነው። ድሮ ሰው አሳማውን የኦክ ዛፍ ጫካ ውስጥ ሲለቅ የጫካው ወንድ እንግዳ አልነበረም። የዱር ደም የሌለበት የአውሮፓ አሳማ የለም። እናንተ ቆዳው ነጠብጣብ የሆነውን ብቻ እየመረጣችሁ ስታረቡ መስመሩ ጠፋባችሁ፤ እሷ ጋ ቀረ። መስመሩ ብቻም አይደለም። ከሌሎቹ አሳማዎቻችሁ የጠፋ ብዙ ዘረመል ያገኘሁት እዚህ በረት ውስጥ ነው።"

ጉንቮር እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። እጇ ላይ ምንም አልነበረም።

"መልካም!" ይላል ቱሬ ፈጠን ብሎ። "እንኳን ደስ አለሽ ጉንቮር። እንግዲህ ስብሰባችን..."

"ሁለተኛ ፖስታ ነበር" ትላለች ጉንቮር።

"እሱ ለማነጻጸሪያ ነው እንጂ ለመነበብ አይደለም።"

"ታዲያ አነጻጽሪልን፣ ልጄ።"

ቲልዳ ገጹን ታዞራለች። "ቄሳር ውስጥ የቻይና አሳማ አለ።"

"የምን?"

"የቻይና። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች ቶሎ የሚሰባ አሳማ ፈልገው ከቻይና በመርከብ አመጡና ከራሳቸው ጋር አዳቀሉ። የትልልቅ እርባታዎች ነጭ አሳማ ከዚያ የመጣ ነው። የቄሳር አንዱ አያት ነጭ ነበር።"

"ውሸት ነው! የኔ ግቢ ነጭ አሳማ ረግጦት..." ይላል ቱሬ፤ አይጨርሰውም።

ሁላችንም ትዝ ይለናል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጎረቤት እርባታ ነጭ ወንድ አሳማ አምልጦ ቱሬ በረት ሦስት ቀን ተቀምጧል። አጥሩን መልሰን ያቆምንለት እኛ ነን። ሚስማሩን ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ።

"ደንቡ ምን ነበር የሚለው?" ይላል ከኋላ አንድ ሰው፤ ወዲያው ግን የራሱን አሳማዎች አስታውሶ ያስላል።

አሥራ ሦስት ሰው መሬት መሬት ያያል። ጉንቮር ብቻ ቀና እንዳለች ናት።

"ደንቡን ቀይሩት" ትላለች። "ማንም አይታረድም፣ ቄሳርም ቢሆን። ምን አጠፋ? አጥር የሚያጥረው አሳማ አይደለም።" ከዚያ በአገጯ ወደ ግልገሎቹ ታመለክታለች። "ከስምንቱ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ለከርሞ ለእርባታ ይደርሳሉ።"

እጅ ይወጣል። የቱሬም፣ በመጨረሻ። "በሙሉ ድምፅ" ብዬ እጽፋለሁ፤ የቄራውን መኪና ደግሞ ቲልዳ ራሷ ደውላ ታሰርዛለች።

ቱሬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ጉንቮር፣ ባልዲ ይኖርሻል?"

"ባልዲ ሰው ከቤቱ ነው የሚያመጣው።"

ቱሬ ወደ መኪናው ያያል፣ ወደ እኛ ያያል። ባልዲ ይዘው የመጡ አራት ሰዎች እንዳሉ ያየው አሁን ነው፤ አንዷ ለቀማ ጀምራለች። ባርኔጣውን ያወልቃል። የሱሪውን ጉልበት ሰብሰብ አድርጎ ከዛፉ ሥር ይንበረከካል፤ ፖም እያገላበጠ፣ የበሰበሰውን እየለየ፣ አንድ በአንድ ባርኔጣው ውስጥ ያስቀምጣል። ከባለመስመሮቹ ግልገሎች አንዱ በአጥሩ ሥር አፍንጫውን አውጥቶ፣ ባርኔጣው እስኪሞላ ድረስ ይጠብቀዋል።