የራጅ አንባቢው ቀይ መነጽር

የሰው ገላ ምስል በማንኛውም መሣሪያ እንዳይቀመጥ ከተከለከለ ወዲህ ራጅ የሚነበበው በሰው ዓይን ብቻ ሆነ። ጨረሩ የሚያርፍበት የላስቲክ ሉህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጭል ጭል ነው የሚለው። ስለዚህ አንባቢዎች ዓይናቸው ጨለማ እንዳይረሳ ቀኑን ሙሉ ቀይ መነጽር ያደርጋሉ።

አቶ እንዳልክ በኮምቦልቻ ሃያ ስድስት ዓመት ራጅ አንብበዋል። በቀይ መነጽር አረንጓዴ ነገር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ልጃቸው ምንታምር አረንጓዴ ቀሚሷን በለበሰች ቁጥር «ደግሞ ማን ሞተብሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል።

ምንታምር ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች አራት ዓመቷ ነው። አራቱንም ዓመት የሚያበራ ዱቄት ከቀለጠ ላስቲክ ጋር ስታዋህድ ኖራለች። አዲሱ ሉህ ትናንት ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ እንኳ አላመነችውም።

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሸዋዬ እጃቸው አብጦ መጡ። ምንታምር አዲሱን ሉህ ዘርግታ መጋረጃውን ከፈተችው።

«አበድሽ እንዴ? በጠራራ ፀሐይ ራጅ ይነበባል?» አሉ አባቷ።

«መነጽሩን ያውልቁት፣ አባባ።»

«ካልበራ እኮ፣ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ እኒህ ሴትዮ ሲቃትቱ ሊውሉ ነው።»

«ካልበራ ነገ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ።»

አቶ እንዳልክ መነጽራቸውን አወለቁ። ፀሐዩ ዓይናቸውን አስለቀሰው። ምንታምር የወይዘሮ ሸዋዬን እጅ ሉሁ ላይ አሳርፋ ጨረሩን ለቀቀች። ሉሁ ግን በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ቦግ ብሎ የእጁን አጥንት አንድ በአንድ አሳየ።

«አውራ ጣትዎ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይህን የሠራችው ልጄ ናት፤ የእኔ ልጅ!»

ከዚያ ዞር ብለው አረንጓዴ ቀሚሷን ትክ ብለው አዩት።

«ተመስገን፣ ከሐዘን ወጣሽ» አሏት።