እናቷን አይተህ

እናትየው በክለቡ አዳራሽ ጥግ ተንበርክካ የልጇን የጫማ ማሰሪያ ስትፈታ፣ የጂምናስቲክ አሰልጣኟ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። የልጅቷን እግር ወደ ላይ አንስታ ለቀቀችው፤ ወገቧን ወደ ኋላ ለመጥ አደረገችው። "ሰውነቷ እንደ ሰም ነው" አለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ እናትየው መለሰች። "እስቲ አንዴ ይነሱልኝ፤ ዞር ይበሉ።"

እናትየው ሳታስበው ተነሥታ ዞረች። ዳሌዋ ሰፊ ነበር፤ በልብስ አጣቢነት በምትሠራበት ሆስፒታል እርጥብ አንሶላ ስታመላልስ ቅርጫቱን የምታስደግፈው በእሱ ነው። አሰልጣኟ ከንፈሯን መጠጠች። "እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል የለ? እኛም እንደዚያው ነን። ይቺም ስታድግ እርስዎን ነው የምትመስለው። ለማንኛውም ከአሁኑ ምግቧን ይቀንሱላትና እንሞክራት።"

እናትየው እንደገና ተንበረከከች። የፈታችውን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

"እማዬ፣ አልመረጡኝም?"

"ምን ቆርጧቸው! መራጮቹ እኛ አይደለን እንዴ?" ቀና ብላ አሰልጣኟን አየቻት። "እኛም ልናይ ነበር የመጣነው። አየን።"

በአዳራሹ መሀል የተነጠፈውን የመለማመጃ ምንጣፍ በጫማ መርገጥ ክልክል ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ወደ በሩ የሚሄደው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው። እናትየው ግን ከነጫማዋ መሀል ለመሀል ገባችበት።

"ጫማ! ኧረ ጫማ!" ብላ አሰልጣኟ ጮኸች።

እናትየው ዞራ አላየችም። ሰፊ ዳሌዋን ከወትሮው አብልጣ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያወዛወዘች ሄደች። ልጅቷ ከኋላ ሆና ጥቂት አየቻት፤ ከዚያም ገና ያላወጣችውን ዳሌ ልክ እንደ እናቷ እያወዛወዘች ተከተለቻት።