ሁለተኛው አውቶቡስ

ፑሪንግ የዶናት ቤቱን መስታወት በእጅጌዋ ወልውላ አንገቷን አሰገገች። ማዶ፣ አዲሱ ምልክት የተተከለበት ፌርማታ ላይ፣ ምራቷ ማሪቪክ ከመጀመሪያው አውቶቡስ ስትወርድ አየቻት። ብቻዋን ነበረች።

"ቆይ፣ ገና ነው" አለች ፑሪንግ ለራሷ፤ ሻርፗንም እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

ነገሩ የመጣው ከተማው የአውቶቡሶቹን መስመር ካቀያየረ ወዲህ ነው። ዱሮ አሥራ ሰባት ቁጥር ማሪቪክን ከምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አንሥቶ እቤታቸው ደጃፍ ያራግፋት ነበር። እሱ ቀረ። አሁን በትልቁ ጎዳና ቀጥ ብሎ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ ከዚያ ወርዶ ወደ ሰፈር የሚያስገባውን ሌላ ትንሽ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ለየቤቱ የተላከው ወረቀት "ፈጣን፣ ቀጥተኛ፣ አስተማማኝ" ይላል። ማሪቪክ ግን ራት ከተነሣ በኋላ መግባት ጀመረች።

"ሁለተኛው አይመጣም እኮ እማማ" ትላለች ጫማዋን እያወለቀች።

ከሁለት አንዱ ይዋሻል፤ ወይ ከተማው ወይ ማሪቪክ። ፑሪንግ በዕድሜዋ ሙሉ መንግሥት ያለውን አምና አታውቅም፤ ምራቷን ለመጠርጠር ሲሆን ግን አመነችው።

እሳቱን ያራገበችው ጎረቤቷ ሎርና ናት። "የኔ እህት፣ አውቶቡስ ያስመሻል እንጂ ጉንጭ አያቀላም" አለቻት ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ። "ባል ሰሜን ማዕድን ሲቆፍር፣ ሚስት መንገድ ላይ። እኔ ምንም አላልኩም።"

ፑሪንግ የዚያኑ ዕለት ለልጇ ለዲንዶ ደወለች። እሷም ምንም አላለችም፤ "ሚስትህ ታመሻለች፣ ጠይቃት" ብቻ።

ማዶ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። ትከሻው የሰፋ፣ ፀጉራም ቆብ የደፋ። በቀጥታ ወደ ማሪቪክ ሄደ፤ ከብብቱ ፔርሙዝ አወጣና በክዳኑ ቀድቶ ሰጣት። ማሪቪክ ጠጣች። ከዚያ ሳቀች። ፑሪንግ ይህን ሳቅ እቤት ውስጥ ከሰማችው ቆይታለች።

"ያዝኩሽ!"

ወንበሩን ገፍታ ወጣች። የካናዳዋ ማኒቶባ ነፋስ በሩ ላይ ተቀብሎ እንባዋን አስመጣው። መንገዱን ስታቋርጥ የምትናገረውን እያሰናዳች ነበር፤ ስትደርስ ግን ከንፈሯ ደንዝዞ አልታዘዝ አላት።

"እማማ!" ማሪቪክ ክዳኑን ልትደፋው ምንም አልቀራት። "ምነው፣ ምን ሆነው ነው? ዲንዶ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። እኔማ... ዱባ ልገዛ ወጥቼ።"

ማሪቪክ የአማቷን ባዶ እጅ አየች።

ሰውየው ፈገግ አለ፤ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም። ቀረብ ብለው ሲያዩት ሽማግሌ ነው። "እርስዎ ነዎት ሾርባ የሚያቆዩላት? ኦረስት እባላለሁ፤ እዚያ ትምህርት ቤት ጽዳት ነኝ። ስለ ሾርባዎ ስንሰማ በረሃብ አለቅን!" ዞር ብሎ ከኋላ ለቆሙት ሁለት ሴቶች ተጣራ። "ጠጋ በሉ እንጂ! እናት መሐል ይግቡ!"

ፌርማታው መጠለያ የለውም፤ አንድ የብረት ዘንግ ብቻ ነው። አራቱም ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ከበቧት።

"እንዲህ ነው የምንቆመው" አለች ማሪቪክ። "መሐሉን በየተራ ነው።"

"አውቶቡሱስ?"

"እሱንማ በዝና ነው የምናውቀው" አለ ኦረስት።

ሴቶቹ ሳቁ። ፑሪንግ አልሳቀችም። ዓይኗ የሰውየውን እጆች ሲከተል ቆየ። ሁለቱም ፔርሙዙን እንዳቀፉ ናቸው፤ በብርድ ቀልተዋል። መንገዱን እስከ ጥግ አየችው፤ ባዶ ነው። ደግማ አየችው።

የማሪቪክ ስልክ ጮኸ። ጓንቷን በጥርሷ አወለቀች።

"ዲንዶ ነው" አለች፣ ሌሎቹ እንዳይገባቸው በፊሊፒንስ ቋንቋቸው በታጋሎግ። "ሰሞኑን በዚህ ሰዓት ይደውላል። የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ... ትናንትማ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ አለኝ። ምን እንደገባበት አላውቅም።"

"አምጪው" አለች ፑሪንግ፤ ተቀብላም "እኔ ነኝ ልጄ" አለች።

"እማዬ? አብረሻት ነሽ?" ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። "ያልሽኝ እውነት ነው? ማነው ሰውየው?"

የማሪቪክ አንገት ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ፑሪንግ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። "ማንም የለም። ስማኝ ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሚያስመሻት ሰው አይደለም፤ አውቶቡሱ ነው። ቆሜ አየሁት። ማለቴ... አላየሁትም፤ አልመጣም። አንተም ሥራህን እንዳትለቅ።"

ማሪቪክ ስልኩን ተቀበለች። "ቤት ስገባ እደውላለሁ" ብላ ዘጋችው። ጓንቷን ስታጠልቅ ብዙ ቆየች።

"ቢጠይቁኝ ኖሮ" አለች በመጨረሻ፣ "ይዤዎት እመጣ ነበር።"

ፑሪንግ ሻርፗን መልሳ እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ጉንጯ ይለበልባት ነበር።

ከመንገዱ ጥግ ሁለት መብራቶች ታዩ። "ኧረ ተአምር!" አለ ኦረስት። ክቡ ተበተነ፤ ነፋሱም ገባ።

በሩ ሲከፈት ማሪቪክ ዞር ብላ ሳታይ ቀድማ ወጣች። ደረጃው በረዶ ለብሷል። ፑሪንግ የበሩን ብረት ይዛ አንድ እግሯን አነሣች፤ ጫማዋ አንሸራተታት። ከላይ አንድ እጅ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ማሪቪክ ፊቷን ወደ ሾፌሩ እንዳደረገች የአማቷን አንጓ ጨብጣ ወደ ላይ ሳበቻት። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ሲጎትት የሚውል እጅ ነው።

ውስጡ ሞቃት ነበር። እጁ አለቀቃትም። ያጠበቀው ለእርዳታ ይሁን በንዴት፣ ፑሪንግ መለየት አቃታት፤ በተሳበችበት ተከተለች።